የተቀቡ መስኮቶች፦ የእንፋሎት ጀልባን ለአውሮፓ ያስተዋወቀች ከተማ ዛሬ ጀልባ መሥራት ለምን ከበዳት?

ኖቬምበር 21 ቀን 2017 በስኮትላንዷ ፖርት ግላስጎው ከተማ አንዲት ግዙፍ መርከብ ወደ ክላይድ ወንዝ ስትንሸራተት ሕዝቡ አጨበጨበ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የስኮትላንድ መንግሥት መሪ ኒኮላ ስተርጅን በቦታው ነበሩ፤ ካሜራዎችም ተደርድረዋል። «ግሌን ሳኖክስ» የተባለችው ይህች የመንገደኞችና የመኪናዎች ማመላለሻ ከሩቅ ላያት ያለቀች ትመስላለች። ጠጋ ብሎ ላያት ግን ከካፒቴኑ ክፍል ፊት ያሉት መስኮቶች መስኮት አልነበሩም። ብረቱ ላይ በጥቁር ቀለም የተቀቡ አራት ማዕዘኖች ነበሩ። መርከቧ የመጀመሪያዎቹን መንገደኞች የጫነችው ከሰባት ዓመት በላይ ቆይታ፣ በጃንዋሪ 2025 ነው።

በዚያችው ከተማ፣ በዚያው ወንዝ ዳር፣ ጆን ዉድ የተባለ ጀልባ ሠሪ በ1812 አንዲት የእንጨት ጀልባ ሠርቶ ነበር። ርዝመቷ 13 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከአንድ የከተማ አውቶቡስ ብዙም አትበልጥም። ስሟ «ኮሜት» ይባላል፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሰማይ ላይ ለወራት በታየው ጅራታም ኮከብ ነው የተሰየመችው። ሥራው አንድ ዓመት እንኳ ሳይፈጅ አልቆ፣ በአውሮፓ መንገደኛ እያስከፈለች በመሥራት የተሳካላት የመጀመሪያዋ የእንፋሎት ጀልባ ሆነች።

እነዚህን ሁለት ታሪኮች ጎን ለጎን አስቀምጦ «አባቶቻቸው በወራት የሠሩትን ልጆቻቸው በዐሥር ዓመት አቃታቸው» ብሎ መሳቅ ቀላል ነው። ስኮትላንዶች ራሳቸው ስቀውበታል። ነገር ግን ኮሜት ትንሽ የእንጨት ጀልባ፣ ግሌን ሳኖክስ ደግሞ 102 ሜትር የምትረዝም፣ 127 መኪና የምትጭን የብረት ከተማ ናት። ፍጥነታቸውን ማወዳደር ፍየልን ከዝሆን ጋር እንደ ማሽቀዳደም ነው። ይልቅ መወዳደር ያለበት ሌላ ነገር ይመስለኛል፦ ስሕተት ሲፈጠር ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነበር? ምን ያህልስ ነበር?

ኮሜትን ያሠራው ሄንሪ ቤል መሐንዲስ ነው ለማለት ያስቸግራል። የወፍጮና የእንጨት ሥራ ተምሯል፣ ሕንፃ ገንብቷል፣ ዕቅድ ከማውጣት የማይቦዝን ሰው ነበር። ከግላስጎው በታች ወንዙ ባሕር በሚሆንበት ዳርቻ፣ ሄለንስበርግ በተባለች አዲስ መንደር፣ ሚስቱ የምታስተዳድረው መታጠቢያ ያለው ሆቴል ነበረው። ችግሩ እንግዳ ማጣት ነበር። የግላስጎው ሀብታም ነጋዴ በባሕር ውሃ ታጥቦ ጤናውን ለመጠበቅ ቢፈልግም፣ በዚያ ዘመን መንገዱ ኮረኮንች፣ የሸራ ጀልባው ደግሞ የነፋስ እስረኛ ነበር። ነፋስ ካልነፈሰ መድረሻው አይታወቅም። ቤል የፈለገው የዓለምን የባሕር ጉዞ መለወጥ አልነበረም፤ አልጋዎቹ እንዲሞሉለት ነበር።

እንፋሎትን ጀልባ ላይ የመጫን ሐሳብም የእሱ አይደለም። ዊልያም ሲሚንግተን በ1803 «ሻርሎት ደንዳስ» በተባለች ጀልባ፣ በፎርዝና ክላይድ ቦይ ላይ፣ ሁለት የተጫኑ ታንኳዎችን በኃይለኛ ነፋስ ፊት ጎትቶ አሳይቷል። የቦዩ ባለቤቶች ግን መንኮራኩሩ የሚያስነሳው ማዕበል የቦዩን ግድግዳ ይንደዋል ብለው ሥራውን አስቆሙት። በ1807 አሜሪካዊው ሮበርት ፉልተን በሐድሰን ወንዝ ላይ ከኒው ዮርክ አልባኒ ድረስ መንገደኛ ማመላለስ ጀመረ። ቤል ይህን ሁሉ ይከታተል ነበር። ለእንግሊዝ ባሕር ኃይልም ሐሳቡን አቅርቦ ሰሚ አጥቷል። በመጨረሻ በራሱ ገንዘብና በብድር ገባበት።

ሞተሩን የሠራው ጆን ሮበርትሰን የተባለ የግላስጎው ባለሙያ ነው። ልብ በሉ፤ ሞተሩ ለኮሜት ታዝዞ የተሠራ አልነበረም። ሮበርትሰን ገዢ ሳይኖረው ሠርቶ ያስቀመጠው ነበር፤ ቤል በ165 ፓውንድ ገዛው። ኃይሉ ሦስት ወይም አራት የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው፤ ዛሬ ከትንሽ የውሃ መሳቢያ ሞተር አይበልጥም። ውሃ ማፍሊያው በጀልባዋ ሆድ ውስጥ እንደ ዳቦ ምድጃ በሸክላ ጡብ ተገንብቶበታል። በሁለቱ ጎኖቿ መጀመሪያ ጥንድ ጥንድ ቀዛፊ መንኮራኩሮች ተተክለው ነበር፤ ኋለኛው መንኮራኩር የሚዞረው የፊተኛው ባመሰው ውሃ ውስጥ ስለሆነ ጉልበቱ እንደሚባክን ሲታይ ከየጎኑ አንድ አንድ ወለቀ። ቀጭኑና ረጅሙ የጭስ ማውጫ ደግሞ ሁለት ሥራ ነበረው፦ ጭስ ያወጣል፣ ነፋስ ሲገኝ ሸራ ይሰቀልበታል። በዚያች ጀልባ ላይ ለታይታ የቆመ ነገር አልነበረም። የጭስ ማውጫው እንኳ ደርቦ ይሠራ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ከመንገዴ ልውጣ። እኛ «ባቡር» የምንለው ቃል ከዚህ ዘመን የተረፈን ነው። በአውሮፓ ቋንቋዎች እንፋሎት ማለት የነበረው ቃል በሜዲትራኒያንና በቀይ ባሕር ወደቦች በዐረብኛ አፍ «ባቡር» ሆኖ የእንፋሎት መርከብ መጠሪያ ሆነ፤ ወደ እኛም በዚያ በኩል ገባ። የሐዲዱን ለይተን «ምድር ባቡር» ማለታችን የባሕሩም ባቡር ስለነበረ ይመስለኛል። በአንዳንድ የገጠር አካባቢ የእህል ወፍጮውም እስከ ዛሬ ባቡር ነው። ሐዲድ ሳያይ ባሕር የቀዘፈው ይህ ቃል ከኮሜትና ከእኅቶቿ ዘመን ጋር ይዘመዳል።

በኦገስት 1812 ቤል ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አወጣ። ጀልባዋ በነፋስ፣ በአየርና በእንፋሎት ኃይል በግላስጎውና በግሪኖክ መካከል ትመላለሳለች ይላል። ከግላስጎው ብሩሚሎው ወደብ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ እኩለ ቀን ገደማ ትነሣለች፤ ከግሪኖክ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት። ትክክለኛውን ሰዓት ግን የሚወስነው የባሕሩ ሙላት ነው። ለተሻለው ክፍል አራት ሺሊንግ፣ ለሁለተኛው ሦስት ሺሊንግ። ከዚህ በላይ ለሠራተኞች ጉርሻ እንዳይሰጥም ማስታወቂያው ያሳስባል። ይህች የመጨረሻዋ አንቀጽ የሆቴል ቤት ሰው እጅ እንዳለባት ታስታውቃለች። የጀልባዋ ካፒቴንም ከባሕር ሰዎች የተመረጠ ሳይሆን የሄለንስበርግ የትምህርት ቤት መምህር የነበረ ሰው ነው።

መንገዱ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅ ነበር። ክላይድ በዚያ ዘመን ጥልቀት የሌለው ወንዝ ስለነበር ኮሜት አሸዋ ላይ ስትቀመጥ መንገደኞቹ ወርደው ይገፏት ነበር ይባላል። ገንዘቡን ከፍሎ፣ ጥላሸት ለብሶ፣ ከዚያ ወርዶ መግፋት! ሆኖም ሰው ተሳፈረ፤ ምክንያቱም ጀልባዋ ዘገየችም ፈጠነች ትደርሳለች። በነፋስ ዘመን ያልነበረው ነገር ይህ ነው። መንገደኛው የገዛው ፍጥነት ሳይሆን ቀጠሮ ነበር።

ቤል በዚህ ንግድ አልከበረም። በ1813 ከእሱ ጋር ሐሳብ ሲለዋወጥ የቆየ ሌላ ሰው «ኤሊዛቤት» የተባለች የምትበልጥና የምትፈጥን ጀልባ አሠርቶ እዚያው መስመር ላይ አሰማራት። ሌሎችም ተከተሉ። ኮሜት በአንድ ዓመት ውስጥ በፈጠረችው ገበያ ተሸነፈች፤ ቤል ወደ ምሥራቁ የፎርዝ ባሕረ ሰላጤ ወሰዳት፣ ኋላም አስረዝሞ ከ1819 ጀምሮ ከግላስጎው በምዕራቡ ዳርቻ በኩል ወደ ፎርት ዊልያም ማመላለስ ጀመረ። በዲሴምበር 1820 ክሬግኒሽ በተባለ የየብስ ጫፍ አጠገብ፣ የባሕሩ ሞገድ እንደ ወንዝ በሚጋልብበት ቦታ፣ ከዓለት ተላትማ ለሁለት ተሰበረች። ቤል ራሱ ተሳፍሮ ነበር፤ የሞተ ሰው አልነበረም። ሞተሯ ከውሃው ወጥቶ ዛሬ ለንደን የሳይንስ ሙዚየም ውስጥ ይታያል። ቤል በ1830 ሲሞት የሚኖረው የክላይድ ወንዝ አስተዳደር በቆረጠለት የጡረታ ገንዘብ ነበር።

እንግዲህ ሒሳቡን እንመልከት። ቤል ተሳስቷል፦ መንኮራኩሩን አብዝቷል፣ ጀልባዋን አሳንሷል፣ ሞተሩን አሳንሷል። ተወዳዳሪዎቹ ስሕተቱን በነጻ ተምረው በዓመቱ አረሙት። የስሕተቱ ዋጋ የአንድ ሰው ኪሳራ ነበር፤ ከፋዩም ራሱ ስሕተቱን የሠራው ሰው ነው። ወንዙ ግን ተጠቀመ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ክላይድ በእንፋሎት ጀልባ ተሞላ፤ የግላስጎው ሠራተኛ ሳይቀር ዱኑንና ሮዝሴይ ወደተባሉ የባሕር ዳር ከተሞች ወርዶ መዝናናት ለመደ።

ይህን ብዬ የድሮውን ዘመን ማሞገስ ግን አልፈልግም፤ ምክንያቱም ከፋዩ ሁልጊዜ ባለቤቱ አልነበረም። ቤል ከኮሜት በኋላ በዚያው ስም ሁለተኛ ጀልባ አሠራ። በኦክቶበር 1825 ሌሊት ጉሮክ አቅራቢያ ከሌላ የእንፋሎት ጀልባ ጋር ተጋጭታ ወዲያው ሰጠመች፤ ከ60 በላይ ሰዎች ሞቱ። ዛሬ አንድን ጀልባ መሥራት ከሚያዘገዩት የደኅንነት ደንቦች ብዙዎቹ እንዲህ ካለው ሌሊት በኋላ የተጻፉ ናቸው። የግሌን ሳኖክስ መዘግየት አንዱ ክፍል የደኅንነት መሥሪያ ቤቶች ከጠየቁት ለውጥ ጋር የተያያዘ ነው፤ ያንን እኔ እንደ ኪሳራ አልቆጥረውም።

አሁን ወደ ዛሬው እንምጣ። የስኮትላንድ ምዕራብ ደሴቶች ነዋሪ ለመድኃኒት፣ ለነዳጅ፣ ለምግብ፣ ለሆስፒታል ቀጠሮ ጀልባ ይጠብቃል። መስመሮቹን የሚያንቀሳቅሰው በ1973 የተመሠረተውና በአጭሩ «ካልማክ» የሚባለው የመንግሥት ኩባንያ ነው። ከ2006 ጀምሮ ግን ነገሩ ለሦስት ተከፍሏል፦ መርከቦቹንና በርካታ ወደቦችን የያዘ አንድ የመንግሥት ተቋም፣ መርከቦቹን ተከራይቶ የሚሠራ ካልማክ፣ ገንዘቡን የሚከፍልና መስመሩን የሚወስን የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት። ክፍፍሉ የመጣው በአውሮፓ ኅብረት የውድድር ሕግ ምክንያት ነው። በወረቀት ላይ ንጹሕ ይመስላል። በተግባር ግን መርከቡን የሚያዝዘው አይነዳውም፣ የሚነዳው አይከፍልም፣ የሚከፍለው ባሕር ላይ አይወጣም።

ፖርት ግላስጎው ውስጥ፣ ከጥንቱ ኒውአርክ ግንብ ጥግ፣ ፈርጉሰን የተባለ ከ1903 ጀምሮ መርከብ የሚሠራ ተቋም አለ። በታችኛው ክላይድ የንግድ መርከብ ከሚሠሩት የቀረው እሱ ብቻ ነው። በ2014 ከስሮ በሩን ዘጋ፤ አንድ ባለሀብት ገዝተው አስነሡት። በ2015 ሁለት ትልልቅ መርከቦች በ97 ሚሊዮን ፓውንድ እንዲሠራ ተመረጠ፤ አንደኛዋ ግሌን ሳኖክስ ናት፣ ለ2018 የታሰበች። ሠራተኛው ደስ አለው፤ ፖለቲከኞችም ደስ አላቸው። አዛዡ ተቋም ግን ፍርሃቱን በጽሑፍ አሳውቆ ነበር፦ ሥራው ቢበላሽ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ የሚመለስበት ዋስትና አልነበረም። ሚኒስትሮች ቢሆንም ይቀጥል አሉ። በ2022 የወጣው የስኮትላንድ ዋና ኦዲተር ሪፖርት በዚህ ነጥብ ላይ ጠንከር ያለ ትችት አቅርቧል።

ሌላው ሁሉ ከዚህ የተወለደ ነው። ንድፉ ሳያልቅ ብረት መቁረጥ ተጀመረ። መርከቦቹ በናፍጣም በፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝም እንዲሠሩ ስለታዘዙ ተቋሙ ከዚያ በፊት ያልነካው ሥራ ገጠመው። አዛዡ «ሥራችሁን አልቻላችሁም» ሲል፣ ሠሪው «እየደጋገማችሁ ሐሳብ ለወጣችሁ» አለ። የግንባታው ክፍያ በየምዕራፉ የሚፈጸም ስለነበር «ወደ ውሃ መግባት» ራሱን የቻለ በዓል ሆነ። የተቀቡት መስኮቶች ምክንያት እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ፦ ቀኑ የመርከቧ ሳይሆን የሥነ ሥርዓቱ ቀን ነበር። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ውስጧ የተዘረጉ በመቶዎች የሚቆጠሩ የኤሌክትሪክ ገመዶች እጥር ብለው መሣሪያዎቹ ጋ አለመድረሳቸው ታወቀ። አንድ ቤት ሠሪ ገመድ ሲያጥረው ምን እንደሚሰማው የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ይህ ግን በመርከብ ሆድ ውስጥ ነው።

በ2019 ድርጅቱ እንደገና ከሰረና መንግሥት ወረሰው። የሁለቱ መርከቦች ወጪ ከ400 ሚሊዮን ፓውንድ አልፏል። የሁለተኛዋ፣ የ«ግሌን ሮዛ»፣ የርክክብ ቀን በተደጋጋሚ ተገፍቷል። በዚህ ላይ ግሌን ሳኖክስ ለአራን ደሴት ከተለመደው የአርድሮሳን ወደብ ጋር አልተስማማችም፤ ወደቡ ሳይታደስ ስለቀረ ከሌላ ከተማ፣ ከትሩን፣ ትነሣለች። መርከብ አዝዞ ወደብ መርሳት!

ሌላም ብዙ የማይወራ ምክንያት አለ። መንግሥት የደሴት ነዋሪን ኑሮ ለማቅለል የጀልባ ዋጋን በመንገድ ላይ ከሚደረግ ጉዞ ወጪ ጋር የሚያቀራርብ ታሪፍ አወጣ፤ በ2014 አራንም ተካተተች። መልካም ፖሊሲ ነበር። ዋጋው ሲወርድ መኪና የያዘ ጎብኚ ጎረፈ፤ የመርከቡ ቁጥር ግን አልጨመረም። መርከቦቹም አረጁ። አራንን የምታገለግለው «ካሌዶኒያን አይልስ» በ2024 ዝገት ተገኝቶባት ለረጅም ጊዜ ከሥራ ወጣች። ሳውዝ ዊስት ደሴት ላይ ደግሞ በ2023 አገልግሎቱ ለሳምንታት ሲሰረዝባቸው ነዋሪዎች መኪናቸውን ይዘው ወደቡ ላይ ሰልፍ ወጡ። አንድ ትልቅ መርከብ ሲበላሽ ሌላው ከመስመሩ ተነሥቶ ይተካዋል፤ የተነሣበት ደሴት ባዶ ይቀራል። በቤል ዘመን አንድ ጀልባ ሲሰበር ሌላ ባለጀልባ ነበር። ዛሬ የለም።

ስለዚህ የሁለቱ ታሪኮች ልዩነት የእጅ ሙያ ልዩነት አይደለም። ግሌን ሳኖክስ ላይ ስሕተቱን የሚሠራው፣ የሚያውቀው፣ የሚከፍለውና የሚሠቃየው አራት የተለያዩ ወገኖች ናቸው። አራተኛው ወደቡ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ነዋሪ ነው። ማንም ብቻውን ሊያቆመው ስለማይችል ስሕተቱ አደገ።

የሙያ ችግር አለመሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ደግሞ በዚያው ግቢ አለ። በዲሴምበር 2012፣ ኮሜት በተሠራች በ200ኛ ዓመቷ፣ ይኸው ፈርጉሰን «ሃላይግ» የተባለች ጀልባ ወደ ውሃ አስገባ፤ መኪና ከሚጭኑ የባሕር ማመላለሻዎች መካከል በናፍጣና በባትሪ ተጣምሮ የምትሠራ በዓለም የመጀመሪያዋ ናት ተባለላት። 150 መንገደኛና 23 መኪና ትይዛለች፤ ስካይና ራሴይ በተባሉ ደሴቶች መካከል ባለው አጭር መስመር ትሠራለች። ቀጥለውም ሁለት እኅቶቿ ተሠሩ። አዲስ ቴክኖሎጂ ነው፤ ግን በትንሽ ጀልባ፣ በአጭር መስመር፣ አንዱን ንድፍ እየደጋገሙ። ቤል ቢያያት ሐሳቡ ይገባው ነበር።

በከተማዋ መሀል ደግሞ የኮሜት ምስለ ጀልባ ቆማ ነበር። በ1962፣ ለ150ኛ ዓመቷ፣ የመርከብ ሥራ ተለማማጆች ሠርተው በወንዙ ላይ አስኬደዋት ነበር፤ ከዚያ ለዓመታት በአደባባይ ዝናብ ስትመታ ኖረች። በ2011 ፈርጉሰን ጠገናት። እንጨቱ ግን እንደገና በሰበሰ፤ የከተማው ምክር ቤት የሚወስዳት ፈልጎ ሲያጣ፣ ግሌን ሳኖክስ ገና በግንባታ ላይ ሳለች፣ ፈረሰች።

በማርች 2025 ለትንንሾቹ የደሴት መስመሮች ሰባት የኤሌክትሪክ ጀልባዎች የሚሠራው ተቋም ይፋ ሆነ። ፈርጉሰን ተወዳድሮ ነበር። የሃላይግን ዓይነት፣ ትንንሽ፣ ተመሳሳይ፣ ተደጋጋሚ ሥራ ነው። ጨረታውን ያሸነፈው የፖላንድ የመርከብ ግንባታ ተቋም ነው፤ ሰባቱም የሚሠሩት ግዳንስክ ውስጥ ነው።